ኒኮላይ ቫቪሎቭ፤ በምድርና በክሮሞሶም ላይ የተነበቡ ሁለት ካርታዎች

ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው አዝመራ በቆሎና በርበሬ ነው። ከመንገዱ ራቅ ሲሉ ግን በየጓሮው ጎመን ዘር፣ በየማሳው ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴ፣ ገብስና ኑግ አሁንም አሉ። የጎመን ዘር ቅጠሉ ለወጥ፣ ፍሬው ተወቅጦ ለምጣድ ማሰሻ ይውላል። የዚህ ተክል ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሥር ቢታይ 34 ክሮሞሶሞች ይቆጠሩበታል። ጤፍ 40፣ ዳጉሳ 36፣ የዱረም ስንዴ 28 አላቸው። በአራቱም ሰብሎች የተፈጸመው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ በሩቅ ዘመን ሙሉው የክሮሞሶም ስብስብ ተባዝቶ እጥፍ ሆኗል። ጎረቤታቸው ገብስ ግን በ14 ክሮሞሶሞቹ ጸንቶ ኖሯል።

እንዲህ ያሉ ሰብሎች ከየት መጡ? ልዩነታቸውስ በምድር ላይ እንዴት ተበተነ? ለዚህ ጥያቄ ዕድሜውን የሰጠው፣ በመጨረሻም ስለ ጂንና ስለ ክሮሞሶም የያዘውን አቋም አልለቅም በማለቱ ሕይወቱን ያጣው ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። በ1919 ዓ.ም. ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ጎጃምን ካቋረጡት የውጭ አገር ሊቃውንት መካከል ለግብርና ሳይንስ የእርሱን ያህል ውርስ የተወ የለም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በተለይ ካልተገለጹ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቫቪሎቭ የተወለደው ኖቬምበር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ነው። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ ኋላ የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ይህ ሹመት ለሰርጌይ የተሰጠው ታላቅ ወንድሙ በዚያው መንግሥት እስር ቤት ከሞተ ሁለት ዓመት አለፍ ብሎ ነው። የሁለቱን ወንድማማቾች ዕጣ አጣምሮ ለሚመለከት ሰው የዘመኑ ጠባይ ከዚህ በላይ አይገለጽም።

ኒኮላይ በሞስኮ የግብርና ተቋም ተምሮ የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው ሰብል በሚያጠቁ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነበር። በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ለዘረመል ሳይንስ ስያሜውን ከሰጠው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ አልፍሬድ ስተርተቫንት የተባለ ወጣት ተመራማሪ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የመጀመሪያውን የጂን ካርታ አሳተመ። የካርታው ሐሳብ ቀላል ነው። ሁለት ባሕርያት ዘወትር ማለት ይቻላል አብረው የሚወረሱ ከሆነ ጂኖቻቸው በአንድ ክሮሞሶም ላይ ተቀራርበው ተቀምጠዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚለያዩ ከሆነ ተራርቀዋል። በኋለኞቹ ዓመታት በአፈር ውስጥ በሚኖረው ኢምንት ክብ ትል፣ በሴኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ፣ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ጨመሩ። አንድ የክሮሞሶም ቁራጭ በትርፍነት የተደገመባቸውን ትሎች እያራቡ፣ ትርፉ ቁራጭ የአንድን ጂን ጉድለት ሲሸፍን ጂኑ በዚያ ቁራጭ ክልል ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ። ይህ ሁሉ በክሮሞሶም ላይ የሚሣል ካርታ ነው። የቫቪሎቭ ካርታ ግን የተሣለው በምድር ላይ ነበር። የአንድ ሰብል ጂኖች በየትኛው ተራራ፣ በየትኛው ሸለቆ፣ በየትኛው ሕዝብ ማሳ ተሰባስበው እንደሚገኙ ለማወቅ ፈለገ።

የጉዞው ሕይወት የተጀመረው በ1916 በፋርስ ነው። በዚያ የሰፈረው የሩሲያ ሠራዊት ዳቦ እየበላ ራሱን መሳት አብዝቶ ነበር። ቫቪሎቭ ተልኮ ሲመረምር ምክንያቱ በስንዴው ውስጥ የተቀላቀለ እንክርዳድ ሆኖ ተገኘ። የእንክርዳድን ስካር ለሚያውቅ የጎጃም ገበሬ ይህ ግኝት አዲስ ባልሆነ ነበር፤ ለወጣቱ ሳይንቲስት ግን ከሠራዊቱ ጋር ያገኘው ፈቃድ ወደ ፓሚር ተራሮች የሚያደርሰውን በር ከፈተለት። በዚያ ያያቸው እህሎች በሩሲያ ሜዳ ላይ ከሚያውቃቸው ይልቅ እጅግ የተለያዩ ነበሩ፤ ልዩነት በተራራ አገር ይከማቻል የሚለው ሐሳቡም ከዚህ ተጸነሰ።

በ1920 በሳራቶቭ ከተማ በተደረገ የዕፅዋት አዳቃዮች ጉባኤ ላይ የተመሳሳይ ተርታዎች ሕግ ብሎ የሰየመውን ሐሳብ አቀረበ። በዝምድና የተቀራረቡ ዝርያዎች የሚያሳዩት ልዩነትም ተቀራራቢ ነው፤ ስለዚህ በአንደኛው የታየ ቅርጽ በሌላው ገና ባይገኝም ሊፈለግ ይገባል የሚል ነው። የዳቦ ስንዴ ጢም ያለውም የሌለውም አለው፤ በዱረም ስንዴ ግን የሚታወቀው ጢማሙ ነበር። ሕጉ እውነት ከሆነ በአንድ የዓለም ጥግ ጢም አልባ ዱረም ስንዴ መኖር ነበረበት።

በቀጣዩ ዓመት ወደ ፔትሮግራድ ተዛውሮ የተግባራዊ ዕፅዋት ጥናት ክፍሉን ተረከበና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዓለም ቀዳሚውን የዘር ክምችት ወደያዘ ተቋም አሳደገው። በ1926 ስለ ሰብሎች መነሻ ማዕከላት የጻፈው ጥናት ታተመ። መለኪያው አንድ ሰብል ብዙ ዓይነት መልክ ይዞ የሚገኝበት ስፍራ የትውልድ ቦታው ነው የሚል ነበር። በስንዴ ላይ የክሮሞሶም ቁጥርንም ረዳት አድርጎ ተጠቀመ። ጃፓናዊው ሳካሙራ በ1918 የስንዴ ዝርያዎች 14፣ 28 እና 42 ክሮሞሶም ባላቸው ሦስት ወገኖች እንደሚከፈሉ አሳይቶ ነበር። ቫቪሎቭ 42 ክሮሞሶም ያለውን የዳቦ ስንዴ ለደቡብ ምዕራብ እስያ፣ 28 ያለውን ዱረም ስንዴ ደግሞ በተለይ ለሐበሻ ደጋ ሰጠ። ይህን በጻፈበት ጊዜ ኢትዮጵያን ገና አላያትም።

ጉዞው በዚያው ዓመት በሜዲትራኒያን ዙሪያ ተጀመረ። በሶርያ ወባ ያዘው፤ ሆኖም አላቋረጠም። በ1926 ማብቂያ ገደማ በጅቡቲ በኩል ገባ። በጊዜው ሶቪየት ኅብረትና ኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ወደ ሰሜን ለመጓዝ የሚያስፈልገው ፈቃድ በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ መኮንን በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮትና ስለ ንጉሣዊው ቤተሰብ መጨረሻ አጥብቀው እንደ ጠየቁትም ቫቪሎቭ በኋላ ጽፏል። ዙፋን ለሚጠብቅ አልጋ ወራሽ ጥያቄው ከታሪክ ጉጉት ያለፈ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ፈቃዱ ተገኘ።

በቅሎዎችና አጓዦች ተዘጋጁና ጉዞው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አመራ። አባይን ተሻግሮ በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይገዛ ወደነበረው ጎጃም ገባ፤ ከዚያም ወደ ጣና፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ አክሱም አልፎ በአስመራ በኩል ከምጽዋ ወደብ ደረሰ። መንገደኛው በየደረሰበት ዛላ ይቆርጣል፣ ከገበያ እፍኝ እህል ይገዛል፣ ከየትኛው ከፍታ እንደተገኘ ይመዘግባል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰበሰበው ናሙና ከ6,000 በላይ ሆነ።

የዚህን ምድር ባሕርይ ለመረዳት የምዕራብ ጎጃምን አቀማመጥ ማሰብ ይበቃል። ከጮቄ ተራራ ብርዳም አናት ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ወይና ደጋ በኩል ወደ አባይ ሸለቆ ቆላ ለመውረድ የሚያስፈልገው የጥቂት ቀናት የእግር መንገድ ነው። ላይ ገብስ፣ መካከል ጤፍና ስንዴ፣ ዝቅ ሲል ዳጉሳና ማሽላ ይዘራል። በአውሮፓ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚገኘው የአየር ጠባይ ልዩነት እዚህ በአንድ ተዳፋት ላይ ተደርድሯል። በአንድ የስንዴ ማሳ ውስጥም ቢሆን ነጭና ቀይ፣ ፍሬው ሐምራዊ የሆነውም ሳይቀር፣ ተደባልቀው ይበቅሉ ነበር። በሩሲያና በአውሮፓ ለተማረ የዘር ባለሙያ እንዲህ ያለው ድብልቅ የድክመት ምልክት ይመስል ይሆናል። ቫቪሎቭ ግን ሀብት አድርጎ አየው። ድብልቁን ያቆየው ተፈጥሮ ብቻ አለመሆኑም መታወስ አለበት፤ ዝናብ ቢያጥር ያኛው፣ ዋግ ቢመታ ይህኛው ይተርፋል ብሎ ዘሩን በየዓመቱ የሚመርጠው ገበሬው፣ በጎተራውም የምትጠብቀው ሚስቱ ነበረች።

በጉዞው ከተገኙት ሁሉ እርሱን ያስደሰተው በሰሜኑ ክፍል ያገኘው ጢም አልባ ዱረም ስንዴ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት በሳራቶቭ የተነገረው ሕግ ሊኖር ይገባል ያለውን ቅርጽ በሐበሻ ማሳ ላይ ቆሞ አገኘው። በ1931 ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ሐበሻ ስንዴዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ፤ ለኢትዮጵያ ስንዴም በስንዴዎች ሥርዓት ውስጥ የተለየ ስፍራ ሰጠው።

ሆኖም ካርታው በአንድ ነጥብ ላይ ሳተ። 28 ክሮሞሶም ያለው የዱር ስንዴ የሚበቅለው በፍልስጥኤም፣ በሶርያና በአካባቢያቸው ነው፤ በኢትዮጵያ አልተገኘም። ስለዚህ ስንዴ ከዱር ተወስዶ የለማው እዚያ፣ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ደርሶ የበዛውና የተለያየው ግን እዚህ ነው። የገብስም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ይህን ልዩነት አጥርቶ ካሳዩት አንዱ አሜሪካዊው ጃክ ሃርላን ነው። አባቱ ሃሪ ሃርላን በ1923 ከኢትዮጵያ ገብስ የሰበሰበ የቫቪሎቭ ወዳጅ ነበር፤ ጃክም ልጅ ሳለ እንግዳውን ሩሲያዊ በአባቱ ቤት አይቶታል። በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ ኢትዮጵያን የልዩነት ማዕከል ብሎ ገለጻት። የልዩነት ማዕከልና የትውልድ ቦታ አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ማስተዋል የቫቪሎቭን ሥራ አያፈርሰውም፤ ካርታው ዘሩ የት እንዳለ በትክክል ነግሯልና። ዘሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን ሁለተኛው ካርታ፣ የክሮሞሶሙ፣ ያስፈልግ ነበር።

የክሮሞሶሙ ምስክርነት ከሁሉ ይልቅ የጠራው በጎመን ዘር ላይ ነው። በቫቪሎቭ ተቋም ይሠራ የነበረው ጊዮርጊ ካርፔቼንኮ በ1920ዎቹ ፍጅልንና ጥቅል ጎመንን አዳቀለ። ከእያንዳንዳቸው 9 ክሮሞሶም የወረሰው ድቅል መካን ሆነ፤ ባዕዳን የሆኑት ክሮሞሶሞች በመራቢያ ሕዋስ ውስጥ ጥንድ አላገኙም። ጥቂት ፍሬ የተገኘው ስብስቡ ሳይከፈል እጥፍ ሆኖ 36 በደረሰበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ክሮሞሶም አቻውን አገኘ። በሰው እጅ ከሁለት የተለያዩ የዕፅዋት ወገኖች አዲስና ፍሬያማ ተክል ተወለደ። በ1935 ደግሞ በጃፓን ይሠራ የነበረው ናጋሃሩ ዩ የጎመን ዘመዶችን ክሮሞሶም አነጻጽሮ፣ ካርፔቼንኮ በሙከራ የሠራውን ተፈጥሮ ቀድማ እንደሠራችው አሳየ። ሰናፍጭ 8፣ የጥቅል ጎመን ወገን 9 ክሮሞሶም በመራቢያ ሕዋሳቸው ይይዛሉ፤ ሁለቱ ተገናኝተው 17 ሆኑ፤ እጥፍ ሲሆኑ 34። ይህ በቡሬ ጓሮ የሚበቅለው ጎመን ዘር ነው። በስንዴ ላይ የሳተው የመነሻ ጥያቄ በዚህ ተክል ላይ ለካርታው ይደላል፤ ጎመን ዘር በስፋት የለማው በኢትዮጵያ ደጋ ነውና።

ቫቪሎቭ የሩሲያን ግብርና ለማሻሻል ዘርና ትዕግሥት ያስፈልጋል ይል ነበር። መንግሥት ግን ትዕግሥት አልነበረውም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ባለሙያ ዘርን በቅዝቃዜ በማከም ምርትን በአጭር ጊዜ አበዛለሁ ብሎ ተነሣ። ቫቪሎቭ መጀመሪያ ላይ ወጣቱን አበረታትቶታል፤ ይህ ከስሕተቶቹ አንዱ ተብሎ ሊቆጠር ይገባል። ሊሴንኮ እየቆየ ጂን የሚባል ነገር የለም፣ ክሮሞሶምም የውርስ ተሸካሚ አይደለም፣ ባሕርይን የሚለውጠው አኗኗር ነው ወደ ማለት አዘነበለ፤ አነጋገሩም ለባለሥልጣናቱ ጆሮ ጣመ። ቫቪሎቭ በ1935 ከግብርና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንትነት ተነሣ፤ በ1938 ቦታውን ሊሴንኮ ያዘው። በ1937 በሞስኮ ሊደረግ የነበረው ዓለም አቀፍ የዘረመል ጉባኤ ተሰረዘ። በ1939 በኤዲንብራ ሲካሄድ ቫቪሎቭ የጉባኤው ፕሬዚዳንት ሆኖ ቢመረጥም ከአገር እንዲወጣ አልተፈቀደለትም። በክርክሮቹ ሁሉ አቋሙን አልለወጠም። ለመለወጥ የሚያስፈልገው አንድ መግለጫ ብቻ ነበር፤ ብዙዎች ሰጥተዋል።

ኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳለ ተያዘ። በሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደበት። ባልደረባው ካርፔቼንኮ በዚያው ወር ተረሸነ፤ የተቋሙ የክሮሞሶም ጥናት መሪ ግሪጎሪ ሌቪትስኪም በማግሥቱ ዓመት በእስር ቤት ሞተ። ስለ ክሮሞሶም የሚያውቁት በክሮሞሶም ምክንያት አለቁ ማለት ግነት አይሆንም። ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲቃረቡ ቫቪሎቭ ወደ ሳራቶቭ እስር ቤት ተዛወረ፤ ሕጉን በወጣትነቱ ያወጀባት ከተማ ናት። በጠባብ ክፍል ታጉሮ ለእስረኞቹ ስለ ዕፅዋትና ስለ ጉዞዎቹ ያስተምራቸው ነበር። በ1942 የሞት ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት የለንደን ሮያል ሶሳይቲ በሕይወት መኖሩን ሳያውቅ የውጭ አባሉ አድርጎ መረጠው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 በረሃብ ተዳክሞ ሞተ፤ ዕድሜው 55 ነበር።

ሚስቱ ዬሌና ባሩሊና የምስር ዝርያዎችን ያጠናች ሊቅ ነበረች። በጦርነቱ ምክንያት ከልጃቸው ከዩሪ ጋር ከሌኒንግራድ ወደ ሳራቶቭ ሸሽታ ትኖር ነበር። ባሏ ሞስኮ ውስጥ ያለ መስሏት ስንቅ ወደዚያ ትልክ ነበር፤ እርሱ ግን በዚያችው በምትኖርባት ከተማ እየተራበ ነበር።

በተከበበችው ሌኒንግራድ ደግሞ ከ200,000 በላይ ናሙና የያዘውን ክምችት የሚጠብቁት ሠራተኞች በሩዝ፣ በኦቾሎኒና በስንዴ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው በረሃብ አለቁ። የሩዝ ክፍል ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭና የኦቾሎኒ ባለሙያው አሌክሳንደር ሹኪን ከእነርሱ መካከል ናቸው። ዘሩን አልነኩትም።

ኢትዮጵያ በራሷ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ያቋቋመችው በ1976 ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ማዕከሉን በመሩበት ዘመን ነባር ዝርያዎች በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቁ ጥረት ተደርጓል፤ እርሳቸውም በ1989 ለዚህ ሥራቸው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። ጉዳዩ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት በቡሬና በጃቢ ጠህናን ማሳዎች ላይ ይታያል። ቢ ኤች 660ን የመሰሉ የተዳቀሉ የበቆሎ ዝርያዎች የብዙ ቤተሰብን ጎተራ ሞልተዋል፤ ዳጉሳውና ነባሩ ስንዴ የነበረበትን መሬትም ወስደዋል።

የጠፋው ዘር ምን ይዞ ሊሄድ እንደሚችል አንድ የገብስ ጂን ያስረዳል። በ1937 እና በ1938 ጀርመናውያን በጣሊያን በተያዘችው ኢትዮጵያ ከሰበሰቧቸው ነባር ገብሶች መካከል ቅጠልን እንደ ዱቄት ከሚያለብሰው የሻጋታ በሽታ የሚከላከሉ ተገኙ። ባሕርዩ በገብስ አራተኛ ክሮሞሶም ላይ ተነበበ፤ ጂኑም በ1997 ተለይቶ ወጣ። በኢትዮጵያው ገብስ ውስጥ የጂኑ ቁራጭና አጎራባቹ ክፍል ተደጋግመው ተቀጥለዋል፤ ይህ ድግግሞሽ ዋናውን ጂን ጸጥ ያሰኘዋል፤ ጂኑ ጸጥ ሲል ሻጋታው መግቢያ ያጣል። ዛሬ በአውሮፓ የሚዘሩ ብዙ የበልግ ገብሶች ይህን ድግግሞሽ ይዘዋል። ቁራጩን ያቆየው ገበሬ ስም በየትኛውም መዝገብ የለም።

በቫቪሎቭ ላይ የተፈረደው ፍርድ በ1955 ተሰረዘ። ባሩሊና ከሁለት ዓመት በኋላ እስክትሞት ድረስ የተረፉ ጽሑፎቹን ስታሰናዳ ቆየች። የአምስት አህጉራት ጉዞውን የተረከበት መጽሐፍ አብዛኛው ክፍል ጠፍቶ ነበር፤ ቃሉን እየተቀበለች ትጽፍለት የነበረችው አሌክሳንድራ ሚሺና ግን የቻለችውን ያህል ደብቃ አቆይታ ነበር። የተረፈው በ1962 ታተመ። ከተረፉት ምዕራፎች አንዱ የኢትዮጵያው ነው።